ከውሳኔው በፊት፦ የሰሜን ጫፍ ሕዝቦችና የካፋ ደን
በቢታ ገነት ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ የምናገረው በታኅሣሥ ፀሐይ ጨርሳ ስለማትወጣበት፣ በሰኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስለማትጠልቅበት የምድር ጫፍ ነው። እዚያ እንሰት የለም፣ ቡና አይበቅልም፣ በሰፊው ክፍል ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ እንኳ አይገኝም። ታዲያ የቢታ ሰው ስለዚህ አገር መስማቱ ምን ይፈይድለታል የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእነዚያ ሕዝቦች የመቶ ዓመት ትግል በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፦ አያት ቅድመ አያቴ በኖረበት መሬት ላይ ሌላው ሲወስን እኔ የምጠየቀው መቼ ነው? ከውሳኔው በፊት ነው ወይስ አበቃ ከተባለ በኋላ? ይህ ጥያቄ በደን ውስጥ ለምንኖር ለእኛም የዕለት ጥያቄ ስለሆነ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት። ዘመኑን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ወደ አገራችን ጉዳይ ስመጣ በኢትዮጵያ መሆኑን እናገራለሁ።

ከሳሚ ሕዝብ ልጀምር። ሳሚዎች የሚኖሩት በኖርዌይ፣ በስዊድንና በፊንላንድ ሰሜናዊ ክፍል፣ እንዲሁም በሩሲያ የኮላ ልሳነ ምድር ነው። በአራቱ አገሮች ያሉት ሁሉ ቢደመሩ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ እንደሚሆኑ ይገመታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 በተደረገው ቆጠራ የእኛ የካፊቾ ሕዝብ ወደ 870 ሺህ ይጠጋ ነበር። ይህን ቁጥር ያነሳሁት “እኛ ጥቂት ነን፣ ማን ይሰማናል?” የሚል ወጣት ስለሚያጋጥመኝ ነው። ዛሬ የራሱ ፓርላማ ያለው የሳሚ ሕዝብ ከእኛ እጅግ ያነሰ ነው።

ብዙው ሳሚ ዓሣ አስጋሪ ወይም ገበሬ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ደግሞ ነርስ፣ መምህር፣ ነጋዴ ነው። ዝናው ግን የሬንዴር እረኛ በመሆኑ ነው። ሬንዴር የበረዶ አገር አጋዘን ነው፤ ሰው በባለቤትነት ይጠብቀዋል፣ ሥጋውን ይበላል፣ ቆዳውን ይለብሳል። እንስሳው በዓመት ሁለት ጊዜ ረጅም ጉዞ ያደርጋል። በብርዱ ወራት የሚበላው በረዶውን በኮቴው እየቆፈረ የሚያገኘውን፣ ድንጋይና መሬት ላይ የሚለጠፍ ሽበት የመሰለ ዕፅ ነው። ይህ ዕፅ ለማደግ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። የብርድ ወራት ግጦሹን ያጣ መንጋ ደግሞ የበጋው ሣር የቱንም ያህል ቢለመልም አይተርፍም። የሳሚ የመሬት ክርክር በአብዛኛው ከዚህ ይነሳል፤ ለውጭ ሰው ባዶ የሚመስለው በረዷማ ተራራ ለእነሱ የየካቲት ቀለብ ነው።

በ1751 የዴንማርክና የኖርዌይ ጥምር መንግሥት ከስዊድን ጋር ድንበር ሲካለል፣ ከውሉ ጋር አንድ ተጨማሪ ሰነድ ተያይዞ ሳሚዎች በጦርነት ጊዜ ጭምር መንጋቸውን ይዘው ድንበሩን እንዲሻገሩ ፈቀደ። ነገሥታቱ ሕዝቡ በምድሪቱ ላይ እንደኖረ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ይህ ዕውቀት ተረሳ። ኖርዌይ ሳሚዎችን ኖርዌጂያን ለማድረግ ተነሳች፤ ልጆች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ፣ በቋንቋቸው መናገር ተከለከለባቸው። በ1902 የወጣው የመሬት ሕግ በፊንማርክ ግዛት መሬት ለመግዛት ኖርዌይኛ መናገርን ግዴታ አደረገ። ከዚህ በኋላ ብዙ ወላጅ ልጁን በሳሚኛ ማሳደግ አቆመ። በገዛ ቋንቋ ማፈርን ያስተማረ ትምህርት ቤት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም፤ እዚህ ካላችሁት ሽማግሌዎች መካከል ነገሩን በራሳችሁ ያያችሁት ብዙ ናችሁ።

ከዚያ የአልታ ጉዳይ መጣ። በ1970 አካባቢ የኖርዌይ መንግሥት በአልታ ወንዝ ላይ የኤሌክትሪክ ግድብ ሊሠራ ዕቅድ አወጣ። በመጀመሪያው ዕቅድ ማዜ የሚባለው የሳሚ መንደር ከነቤተ ክርስቲያኑ ውኃ ሊውጠው ነበር። መንደሩ በተቃውሞ ከዕቅዱ ወጣ፤ ግድቡ ግን ቀጠለ። በ1979 መከር ወጣት ሳሚዎች በዋና ከተማው በኦስሎ፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት ድንኳናቸውን ተክለው የረሃብ አድማ ጀመሩ። በጥር 1981 ደግሞ ወደ 600 የሚሆን ፖሊስ፣ ማለትም ከአገሪቱ ፖሊስ አንድ አሥረኛው ገደማ፣ ወደዚያ በረዶ ተልኮ ራሳቸውን በሰንሰለት ያሰሩትን ሰዎች አነሳ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ለመንግሥት ፈረደ፤ ግድቡ በ1987 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬም ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

ስለዚህ በአልታ ሳሚዎች ተሸነፉ። የዚህን ትግል ታሪክ እንደ ድል ብቻ የሚተርኩ ሰዎች ይህን ሲዘሉት አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ትምህርቱ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ያ የረሃብ አድማ መንግሥቱን አሳፈረው። በ1980 የሳሚን መብት የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በ1987 የሳሚ ሕግ ወጣ፣ በ1988 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፣ በጥቅምት 1989 ንጉሥ ኦላፍ አምስተኛ በካራሾክ ከተማ የሳሚ ፓርላማን ከፈቱ። በ1997 ልጃቸው ንጉሥ ሃራልድ በዚያው ፓርላማ ቆመው ስለ ደረሰው በደል ይቅርታ ጠየቁ። በ2005 መንግሥቱና የሳሚ ፓርላማ ስለ ምክክር አሠራር ተስማሙ፤ ሳሚን የሚነካ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ሳሚ ይጠየቃል ተባለ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የፊንማርክን መሬት 95 ከመቶ ገደማ፣ ከስድስቱ የቦርድ አባላት ሦስቱን የሳሚ ፓርላማ ለሚመርጠው የአካባቢ ተቋም አስረከበ።

ነገር ግን ሕግ መጻፍና በሕግ መኖር ይለያያሉ። ፎሰን በሚባል የኖርዌይ ልሳነ ምድር በሳሚ የብርድ ወራት ግጦሽ ላይ 151 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ተተከሉ። እረኞቹ ገና ከጅምሩ ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። ክርክሩ ሲጓተት ተርባይኖቹ ተሠርተው አለቁ። በጥቅምት 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈቃዱ የሳሚን ባህል የመጠበቅ መብት ስለጣሰ ዋጋ የለውም አለ። ተርባይኖቹ ግን መሽከርከራቸውን ቀጠሉ። ፍርዱ ከተሰጠ 500 ቀን ሲሆን ወጣቶች የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ከቀናት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ በኋላም ከእረኞቹ ጋር ስምምነት ተደረገ። ተርባይኖቹ አልተነቀሉም። በዓለም እጅግ ሀብታም ከሚባሉት፣ ፍርድ ቤቱም ከሚከበርባቸው አገሮች በአንዱ የሆነው ይህ ነው። ግንባታ ከተጀመረ በኋላ የሚገኝ ፍትሕ ምንጊዜም ጎደሎ ነው።

አሁን ወደ ካናዳ ልውሰዳችሁ። ብዙ ጊዜ የምወስድበት ክፍል ይህ ነው፤ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን እሱ ይመስለኛልና።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያዎች ከሰሜኑ ውቅያኖስ ዳርቻ የተፈጥሮ ጋዝ በማኬንዚ ወንዝ ሸለቆ በኩል ወደ ደቡብ የሚያወርድ ቧንቧ ሊዘረጉ ተነሱ። ቧንቧው የሚያልፈው የዴኔና የኢኑዊት ሕዝቦች በሚያድኑበትና ዓሣ በሚያሰግሩበት ምድር ነበር። መንግሥት በ1974 ጉዳዩን እንዲመረምር ዳኛ ቶማስ በርገርን ሾመ። ዳኛው በአንድ በኩል ኢንጂነሮቹን፣ የሕይወት ሳይንስ ምሁራኑንና ጠበቆቹን በከተማ አዳራሽ ሰማ። እዚያ ቢያቆም ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን በሸለቆውና በውቅያኖሱ ዳርቻ ወዳሉት 35 መንደሮች ሁሉ ሄደ። በየመንደሩ አዳራሽ ተቀምጦ መናገር የፈለገ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ አደመጠ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው በገዛ ቋንቋው ተናገረ፤ አስተርጓሚ ነበር፣ ሁሉም ይጻፍ ነበር፣ የየዕለቱም ውሎ በአካባቢው ቋንቋዎች በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። አዳኙ ካሪቡ የሚባለው የዱር ሬንዴር በየትኛው ወር የት እንደሚወልድ ተናገረ። እናት ልጇ ሰክሮ እንደሞተ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ሰፈር ሲመጣ ምን እንደሚከተል ፈርታ ተናገረች። ይህ ሁሉ ከፕሮፌሰሩ ጥናት ጋር እኩል በመዝገብ ገባ።

በ1977 ዳኛው ሪፖርቱን አቀረበ። ዩኮን በሚባለው ግዛት ሰሜናዊ ዳርቻ ቧንቧ ፈጽሞ አይለፍ፤ በማኬንዚ ሸለቆም የሕዝቡ የመሬት ጥያቄ እስኪፈታ ለ10 ዓመት ይቆይ አለ። ያ ቧንቧ እስከ ዛሬ አልተዘረጋም።

በዚያው ዘመን ኢኑዊቶች ሌላ ሥራ ሠሩ። አዳኞች አንድ በአንድ ከካርታ ፊት ተቀምጠው በዕድሜ ዘመናቸው ያደኑበትን፣ ዓሣ ያሰገሩበትን፣ ድንኳን የተከሉበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ አሰመሩ። ወጣቶች ረዷቸው፣ ተመራማሪዎች አሰባሰቡት፣ በ1976 ታተመ። መንግሥት “ሰው የማይኖርበት” ሲለው የነበረው ምድር በሰው ዱካ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። የ1993ቱ የኑናቩት የመሬት ስምምነት የቆመው በዚህ ማስረጃ ላይ ነው፤ ሚያዝያ 1 ቀን 1999 ወደ 2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ኑናቩት ከነዋሪው ከ80 በመቶ በላይ ኢኑዊት የሆነበት ግዛት ሆኖ ተመሠረተ። ስፋቱ የኢትዮጵያን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

በዴንማርክ ሥር ስላለችው ስለ ግሪንላንድም በአጭሩ ልናገር፤ ከ2025 ወዲህ ስሟ በየዜናው ስለሚነሳ ሳትጠብቁ አትቀሩም። ነዋሪዎቿ 57 ሺህ ገደማ ናቸው። በ1979 የውስጥ አስተዳደር፣ በ2009 ደግሞ ሰፋ ያለ ራስን በራስ የማስተዳደር ሥልጣን አገኙ፤ የዴንማርክ ሕግም በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት የራሳቸውን ዕድል የመወሰን መብት ያላቸው ሕዝብ መሆናቸውን ተቀበለ። በጀታቸው ግን ግማሽ ያህሉ ከዴንማርክ የሚመጣ ነው፤ የሚሸጡትም ዓሣ ነው ለማለት ይቻላል። ቁስላቸውም ጥልቅ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዴንማርክ ሐኪሞች በሺዎች ለሚቆጠሩ ሴቶች፣ ገና ለልጃገረዶችም ሳይቀር፣ ብዙ ጊዜ ሳያውቁት የወሊድ መከላከያ በማህፀናቸው አስገብተዋል። የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትር ይቅርታ የጠየቁት በ2025 ነው። አንድ ኃያል አገር ግሪንላንድን እገዛለሁ ሲል ሕዝቡ የመለሰው መልስ፣ እኛን የሚመለከት ነገር በእኛ ይወሰናል የሚል ነበር። እንዲህ አጥብቀው እንዲናገሩ ያስቻላቸው ያሳለፉት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቤታችን ልመለስ።

የካፋ መንግሥት በነበረበት ዘመን ንጉሡ ብቻውን አይወስንም ነበር፤ ሚክሬቾ የሚባል የአማካሪዎች ጉባኤ ነበረው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾን ማርኮ ያ መንግሥት አበቃ። መሬቱ ለመልከኛና ለነፍጠኛ ተከፋፈለ፣ ሕዝቡ ገባር ሆነ፣ ብዙው ተሸጠ፣ ብዙው ተሰደደ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ገባርነትን አስቀረ፤ ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ይሁንና አዋጁ ኮቦን አላወቀውም። ኮቦ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ አባት ቀፎ የሰቀለበት የደን ድርሻ ለልጁ ሲተላለፍ የኖረበትን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። በወረቀት ደኑ የመንግሥት ሆነ፤ በተግባር የገተም ዛፍ ሲያብብ ማን በየትኛው ዛፍ ላይ እንደሚወጣ የሚወስነው ያው ኮቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሻይ እርሻ መጣ፣ የቡና ልማት መጣ፣ ሰፈራ መጣ። ከእነዚህ ውስጥ የጠቀመን አለ፣ የጎዳን አለ። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ግን ደኑን ባዶ አድርጎ የሚያይ ዓይን ነው። የኖርዌይ ኢንጂነር የሳሚን ተራራ ያየውም በዚሁ ዓይን ነበር።

የተሻለም ነገር ደርሶልናል። በ1996፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በቦንጋ ዙሪያ ፋርም አፍሪካ የሚባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ አሳታፊ የደን አስተዳደርን ጀመረ፤ የአካባቢው ሰው ማኅበር መሥርቶ፣ የደኑን ድንበር ለይቶ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ውል ፈርሞ ጫካውን መጠበቅና መጠቀም ቻለ። በ2010 ወደ 760 ሺህ ሄክታር የሚሆነው የካፋ መሬት በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ቁጥር 1065፣ የማኅበረሰብ ደን የሚባል ይዞታን በሕግ አወቀ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 43 ማኅበረሰብን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሕዝቡ አስተያየቱን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ይህን አንቀጽ በቃላችሁ ያዙት፤ ሳሚዎች ለሠላሳ ዓመት የታገሉለት ቃል ነው፣ በእኛ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። ሕዝብ ከውሳኔ በፊት ሲጠየቅ ምን እንደሚመስልም ታውቃላችሁ፤ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ረጅም ሰልፍ ይዛችሁ ድምፅ ሰጥታችኋል፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም በዚያ ድምፅ ተመሥርቷል።

አንድ ከባድ ነገር ልናገር፤ ባልናገር ኅሊናዬ አይለቀኝም። ጠይቁን የምንል ከሆነ ማንን ነው የሚጠይቁት? በኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ሳሚዎች ሬንዴር ስለሌላቸው ብዙ ጊዜ በክርክሩ ተዘንግተዋል፤ የዓሣ መብታቸውም የተጠየቀው ዘግይቶ ነው። እኛ ዘንድ ማንጆዎች አሉ። ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቁ፣ በአደንና በማገዶ የኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። ለዘመናት ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ እንዳይጋቡ ተደርገዋል። የደን ማኅበር ሲቋቋም ማንጆው በዳር ቆሞ ከቀረ፣ “ሕዝቡ ተጠይቋል” ማለት ሐሰት ነው። ደን ተከልሎ ማገዶ መልቀም ሲከለከል መጀመሪያ የሚራበው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ እኛ ስለ ምሁራን ሙያም ትንሽ ልበል። ምሁር ለእነዚህ ሕዝቦች ሁልጊዜ ወዳጅ አልነበረም። በ1922 በስዊድን ኡፕሳላ የተቋቋመ የመንግሥት የዘር ጥናት ተቋም ሳሚዎችን ራቁታቸውን ፎቶግራፍ እያነሳ፣ የራስ ቅላቸውን እየለካ ያነሱ ሰዎች እንደሆኑ ለማስረዳት ደክሟል። ከዚያ 12 ዓመት በፊት ግን፣ በ1910፣ ዮሐን ቱሪ የሚባል የተኩላ አዳኝና እረኛ ስለ ሕዝቡ ኑሮ በገዛ ቋንቋው መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። እጅግ የረዳችው ኤሚሊ ዴማንት የምትባል ዴንማርካዊት ናት፤ ከእረኞቹ ጋር ኖራለች፣ የጻፈውን አሰናድታ ተርጉማለች፣ ደራሲው ግን እሱ ነው። ካፋንም የጻፉ የውጭ ሰዎች አሉ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር በ1905 እና በ1909 መጥቶ የሰበሰበውን በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ በጀርመንኛ አሳተመ። ባይጽፈው ኖሮ ብዙ ነገር ይጠፋ ነበር፤ ባለውለታችን ነው። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ ራሳችን ለማወቅ ጀርመንኛ መማር የሚያስፈልገን ከሆነ የጎደለ ሥራ አለ ማለት ነው፤ ጉድለቱም የቢበር አይደለም።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችን በፊት የምለምናችሁ ነገር አለኝ። እናንተ ተማሪዎች፣ በዚህ በጋ ከአያቶቻችሁ ጋር ወደ ጫካ ግቡ። የእያንዳንዱን ኮቦ ድንበር፣ የምንጩን ስም፣ ቀፎ የሚሰቀልበትን ዛፍ፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚለቀምበትን ስፍራ፣ ለአምልኮ የተከበረውን ዱር በቋንቋችን በካፊኖኖ ጻፉ፤ በእጃችሁ ባለው ስልክ ቦታውን መዝግቡ፤ ማንጆ አባቶችንም እንደ ሌሎቹ አባቶች ጠይቁ። መምህራን ደብተሩን ሰብስባችሁ በትምህርት ቤታችሁ አኑሩት፣ አንድ ቅጂ ለቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ላኩ። የወረዳው ምክር ቤት አባላት ደግሞ በደን መሬት ላይ ማንኛውም የልማት ጥያቄ ሲቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ቀበሌው ወርዳችሁ፣ ሰው በቋንቋው ተናግሮ እስኪጨርስ ስሙ፤ የተናገረውንም በቃለ ጉባኤ አስፍሩ።